ስምንት ወር የቆመች መኪና

ሴት ስትደክም ድካሙ ከእግሯ አይጀምርም፤ ከዓይኗ ነው የሚጀምረው። መካኒኳ ብሎን ዓይኗ ከደከመ ስምንት ወሯ ነው። ጠዋት የጋራዡን የቆርቆሮ በር ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ያቺን ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ከመኪናዋ ደግሞ በሯ ላይ የተለጠፈውን ቀይ ወረቀት፤ ከወረቀቱም ግርጌው ላይ ያለችውን ፊርማ። ሥራዋን የምትጀምረው ያቺን ፊርማ ካየች በኋላ ነው። ቁስሉን በየጠዋቱ ገልጦ ሳያይ ሥራ የማይጀምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ብሎን እንደዚያ ሆነች።

ብሎን ያሏት አባቷ ናቸው። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከመኪና ሥር እየገባች የወደቀ ብሎን ስትለቅም አደገች። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ እጇ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሌላውን ያስተምራል። አባቷን ደግሞ ሰፈሩ ጋሽ ጆሮ ይላቸዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው «ሦስተኛው ፒስተን ያስላል» ካሉ ሦስተኛው ፒስተን ያስላል፤ ክርክር የለም። እንዲህ ያለ ጆሮ ላላቸው ሰው ነው እንግዲህ በእርጅናቸው ድምፅ የሌላት መኪና የመጣችባቸው።

መንግሥት የነዳጅ መኪና ከእንግዲህ ከውጭ አይገባም አለ። ጥሩ። ጭስ ይቀንሳል ተባለ፤ እሱም ጥሩ። ግን የኤሌክትሪኩ መኪና የሚሞላበት ጣቢያ በከተማው ሙሉ በጣት የሚቆጠር ነው፤ መብራቱ እንደ ባለጌ አማች ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል፤ የመኪናው ስክሪን ደግሞ ባለቤቱ በማያነበው የባዕድ ፊደል ይንቦገቦጋል። ሙሽራዋን አምጥቶ የቤቱን ጭቃ ገና የሚያቦካ ሰው ነው ነገሩ።

ብሎን የወደደችው ታዲያ ይህን ሁሉ መመሪያ የሚያረቀውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው። ወንድ ጠፍቶ! የጋራዥ ሰው ሁሉ «ባለመመሪያው» እያለ የሚረግመውን። መጀመሪያ የመጣው የመሥሪያ ቤቱን መኪና ሊያሠራ ነበር። ሱፉን እንደለበሰ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አጠገቧ ተጋደመና «ይሄ ምንድነው? ያስ ምን ይሠራል?» እያለ ሲጠይቃት ዋለ። የተማረ ሰው ሲጠይቅ አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ሲናገር ነው። በዚያው ቀረች።

ይህ ሰው ብዕር ሲይዝ ልቡ ይፈታል፤ አፉ ግን ይተሳሰራል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የተገናኙት በደብዳቤ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለሥራ በመጣ ቁጥር ከፊት ወንበር ትይዩ ባለችው ሳጥን ውስጥ፣ ከመኪናው ወረቀቶች መሐል፣ አንዲት ደብዳቤ ትገኛለች። መኪናው ሲመለስ መልሷ በዚያችው ሳጥን ይሄዳል። ጋሽ ጆሮ ያውቁ ነበር? የሞተር ሳል የሚሰማ ጆሮ የልጁን ሳቅ አይሰማም? ዝም አሉ እንጂ።

ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰውየው የእናቱን ነጭ መኪና ይዞ መጣ። «አልሞላ ብላለች፤ እያት» አላትና ዓይኗን ሳያይ ወጣ። ሌላ ሥራ ይዛ ስለነበር ሰኞ አያታለሁ ብላ ተወቻት። ሰኞ ጠዋት መመሪያው ደረሰ፦ ፈቃድ የሌለው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና እንዳይከፍት። ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው ቀዩን ወረቀት በሯ ላይ ለጠፉ። ፊርማው የእሱ ነበር።

«እጄን ነው የከለከለኝ» አለች ብሎን። «ሲጠይቀኝ ኖሮ ኖሮ፣ አታውቂም አለኝ።»

ከዚያች ቀን ወዲያ መኪናዋን በጥፍሯ ጫፍ እንኳ አልነካቻትም። ፈቃድ ያስፈልጋል ካለ ፈቃዱን ይዤ እከፍታታለሁ አለች። እሱም አልመጣ፤ እሷም አልደወለች። ኩራትና ኩራት በአንድ በር ሊገቡ ሲጋፉ ሁለቱም ውጭ ያድራሉ። እሷም ውጭ አደረች፤ የገዛ ልቧ ደጅ ላይ፣ ስምንት ወር።

* * *

መመሪያው ላይ አንዲት መስመር ነበረች፤ የትምህርት ማስረጃ የሌለው ነገር ግን በሥራ የበቃ ሰው በእጁ ሠርቶ አሳይቶ ፈቃድ ማግኘት ይችላል የምትል። ብሎን በዚያች መስመር ገባች። ለመፈተኛ የታዘዘው መሣሪያ ጉምሩክ አምስት ወር ተቀመጠ፤ ሲወጣ መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣ ፈታኙ ስብሰባ ሄደ። በስምንተኛው ወር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ፈቃዷን ተቀበለች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ስታየው ግን የተሰማት ረጅም መንገድ ሄዶ የተዘጋ ቤት ላይ የደረሰ ሰው ስሜት ነው።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የባለመመሪያው እናት ጎታች መኪና አስከትለው ከች አሉ። ፎቅ ቤት ያላቸው፣ ሁለት ሱቅ የሚያስተዳድሩ፣ ሲራመዱ መሬቱ ውለታ የዋሉለት የሚመስላቸው ሴት ናቸው።

«መኪናዬን ልወስድ ነው» አሉ ጫማቸውን ከዘይቱ እያሸሹ።

«ስምንት ወር ረስተዋት ዛሬ ታወሰችዎት?» አሉ ጋሽ ጆሮ ከበርጩማቸው ሳይነሡ።

«አልረሳሁም! ልጄ ነው የከለከለኝ። አምጣልኝ ባልኩት ቁጥር ‹ትቁም እማዬ፣ አትንኪያት› ይለኛል። መኪና ናት ወይስ ሐውልት? አሁን ግን መሄዱ ነው፤ ሸጬ ልገላገላት።»

ብሎን እጇን በጨርቅ ትጠርግ ነበር። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች፤ ለጨርቁ የተናገረች መስላ።

«ወደ ጠረፍ። ሁለት ዓመት። መንገድ ዳር የመሙያ ጣቢያ ሊያስተክል ነው አሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ይሳፈራል። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቢሮውን ቁልፍ ያስረክባል። ማንም አልላከውም እኮ፤ ራሱ አመልክቶ ነው! የተማረ ልጅ፣ ቤት ሞልቶለት፣ በረሃ ስጡኝ ብሎ ይለምናል?» ካሉ በኋላ ብሎንን ከቱታዋ እስከ ጫማዋ አዩዋት። «አንዳንዱን ልጅ ምን እንደሚያሸሸው እናቱ እንኳ አታውቅም።»

ብሎን እጇ ከጸዳ ቆይቷል፤ እሷ ግን መጥረጓን አላቆመችም።

የጎታቹ ሾፌር መኪናዋን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። የእጅ ፍሬኗ በኤሌክትሪክ ነው፤ ሳትነቃ ጎማዋ አይፈታም።

«እኔ እከፍታታለሁ» አለች ብሎን። «አሁን ፈቃድ አለኝ።»

ቀዩን ወረቀት ከጥጉ ይዛ ላጠችው። ፊርማው ላይ ስትደርስ ተቀደደ።

«እንግዲህ ሞታለች» አለች ለአባቷ፤ «ስምንት ወር የቆመች መኪና ትንሿ ባትሪ አትተርፍላትም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ ትንሿ ከሞተች የሚቀሰቅሰው የለም።»

ጋሽ ጆሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የትንሿን ባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ ነቅዬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ያን ዕለት ዓርብ ማታ፤ ወረቀቱ ሳይለጠፍ። ሊቆም የመጣ መኪና መሆኑን ከሰውየው አረማመድ አወቅኩ። ሊቆም የመጣ መኪና ኔጌቲቩ ይነቀላል፤ ባትሪው አይደክምም። አርባ ዓመት ሙሉ ያደረግኩት ነው፤ በኤሌክትሪክ ሆነ ብዬ ልተወው?»

በቁልፏ በሩን ከፈተች፤ ኮፈኑን አነሣች፤ የተነቀለችውን ገመድ መልሳ አሰረች። መኪናዋ አንዴ ጠቅ አለችና ነቃች። ስክሪኗ በራ። ዘጠኝ ፐርሰንት። ስንቱ አዲስ መኪና በየደጁ ቆሞ ሲሞት፣ ይህችን የአንድ ሽማግሌ የድሮ ልማድ አተረፋት።

«እሰይ!» አሉ ሴትዮዋ። «በይ ወረቀቶቿንም አውጪልኝ።»

ሳጥኗ የምትከፈተው ከስክሪኑ ላይ ነው። ብሎን ነካችው። ሳጥኗ ቀስ ብላ፣ እንደሚያዛጋ ሰው አፍ፣ ወረደች። ከወረቀቶቹ መሐል፣ በምታውቀው የእጅ ጽሑፍ፣ በምታውቀው ሰማያዊ ቀለም፣ «ለብሎኔ» የሚል ፖስታ ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ ከእሷ አሥር እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር። በየጠዋቱ ትታጠቅ የነበረው ያ ሁሉ ቁጣ አንድ ጊዜ ከወገቧ ተፈታና፣ የምትደገፍበት ነገር አጣች።

* * *

«ብሎኔ፣

መኪናዋ ምንም የላትም። ትሞላለች፤ ትሄዳለች። ሰበብ ናት፤ ይቅር በይኝ። በአፌ መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ።

ሰኞ አንድ መመሪያ ይወጣል። ትናደጂያለሽ። አባትሽም ይረግሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። ግን በዚህ ዓመት ሁለት የጋራዥ ሠራተኞች የማያውቁትን የኤሌክትሪክ መኪና ገመድ ይዘው ሞተዋል፤ የአንዱን ሬሳ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስይዘው እጁ የአንቺን እጅ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አራት ወር ተከራክሬ አንዲት መስመር አስገብቻለሁ፤ በእጁ የሚያውቅ ሰው በእጁ ይፈተን የምትል። ስቀውብኛል። ያቺ መስመር ያንቺ ናት። ከጻፍኩት ሁሉ የማላፍርባት እሷን ብቻ ነው።

አሁን የምጠይቅሽ እኔ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቱ አይደለም። አብረሽኝ ትኖሪያለሽ? እሺ ካልሽ፣ መኪናዋን ራስሽ ነድተሽ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራቷን አብርተሽ መሥሪያ ቤታችን ደጅ አምጪልኝ። የእኔ መስኮት ከበሩ በላይ ሁለተኛው ነው። እምቢ ካልሽ ትቁም። መጥቼ አላስጨንቅሽም፤ አንዲት ቃልም አልጠይቅሽም። ብትቆም ግን አልወስዳትም። አንቺ ጋ የምትቆም አንዲት ነገር ትኑረኝ።»

ቆማለች። ስምንት ወር ቆማለች። በየጠዋቱ ብሎን በሩን ገፍታ ስትገባ፣ ያቺ ነጭ መኪና በእሷ ስም «አልፈልግህም» ስትለው ኖራለች። ወንድ ልጅ አንድ ቃል ከአፉ ከሚያወጣ መኪና ማቆም ይቀለዋል! ሴቷስ ብትሆን፣ ኮርታ ኮርታ የራሷን ደብዳቤ ታሽጋለች።

«ይደውሉለት» አለች ለሴትዮዋ።

«በምን ልደውል? መብራት ከጠፋ ጀምሮ ኔትዎርክ የለም። ደግሞስ ምን ልበለው? ምንድነው ያ ወረቀት?»

ብሎን ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ ከአንገት ልብሳቸው ሥር መነጽራቸውን አውጥተው፣ ቆመው አነበቡ። አንዱ ቦታ ላይ፣ ሬሳው ጋ ይመስላል፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ይህን ለእኔ አልነገረኝም» አሉ። ሲጨርሱ አጣጥፈው መለሱላት፤ አልወረወሩትም። ፊታቸው ግን እንደ ተቆለፈ ሱቅ ነበር።

«እኔ ልጄን እንዲህ ላለ እጅ አላሳደግኩትም» አሉ የብሎንን ጥቁር ጥፍር እያዩ። አነጋገራቸው ግን እንደ ቀድሞው የንቀት ሳይሆን የድካም ነበር።

ጋሽ ጆሮ ከበርጩማቸው ተነሡ። «እጅሽን የከለከለው ሰውዬ ነው አይደል?»

«አይ አባዬ። እጄን ያስከበረልኝ ነው። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።»

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አዩ፤ ከዚያ የቆሙትን የነዳጅ መኪኖች፤ በየወሩ ቁጥራቸው የሚያንስ። «ሂጂ ብዬሽ ብትሄጂ እኔ ብቻዬን ነኝ» አሉ። «አትሂጂ ብዬሽ ብትቀሪ ደግሞ ብቻሽን ነሽ። እኔ ብቻዬን ልሁን፤ ለመድኩት።»

«እንዲህ አትበል።»

«ዘጠኝ ፐርሰንት በነዳጅ ስንት ሊትር ነው?»

«አይታወቅም። ሊያደርሰን ይችላል፤ ላያደርሰንም ይችላል። ዳገት አለው።»

«እንደኔ ነዋ» አሉ ጋሽ ጆሮ፤ ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተው የኋላውን በር ከፈቱ። ብሎን አንገታቸውን አቅፋ ማልቀስ ፈለገች፤ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አልነበራትም።

* * *

ሴትዮዋ ከፊት ወንበር ገቡ። «መኪናዬ ናት፤ ያለኔ ወዴት ትወስጃታለሽ?» አሉ። ጎታቹ ሾፌር ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ከኋላ ተከተለ።

ብሎን ሞተሩን አላስነሣችም፤ የሚነሣ ሞተር የለም። ጫን ስትለው መኪናዋ ዝም ብላ ተንሸራተተች። ከበሩ እንደወጣች መብራቷን አበራች።

«ፀሐይዋ ጭንቅላታችንን ልትበሳው ነው፤ መብራት?»

«ደብዳቤውን አንብበውታል፣ እትዬ።»

«አንብቤዋለሁ» አሉና በአንገት ልብሳቸው ላባቸውን ጠረጉ። «ማራገቢያውን ልክፈተው?» አሉ።

«አይከፈትም። ባትሪውን ይበላል።»

«ሰው በላብ ይሙት እንግዲህ!»

በነዳጅ ማደያው ደጅ የነዳጅ መኪኖች ሰልፍ ነበር። ከፊት ለፊቱ ባለው መሙያ ጣቢያ ደግሞ መብራት እስኪመጣ የሚጠብቁ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሰልፍ። ሾፌሮቹ በሮቻቸውን ከፍተው፣ እግራቸውን አውጥተው፣ በመንገዱ ማዶና ማዶ ይተያያሉ። የሚሰዳደቡበት አቅም እንኳ የላቸውም። ብሎን በሁለቱ ሰልፍ መሐል በቀጭኗ መንገድ አለፈች። ሰባት ፐርሰንት። አሥር ሰዓት ተኩል።

«ከኋላ በግራ በኩል ኩሽኔታው አልቋል» አሉ ጋሽ ጆሮ በድንገት።

«ምን?»

«ጎማው የሚሽከረከርበት። ይጮኻል፤ አትሰሙም? በነዳጅ መኪና ቢሆን ሞተሩ እየጮኸ ይሸፍነው ነበር። እዚህች ውስጥ ሁሉም ይሰማል።» ጆሯቸውን ወደ ወንበሩ ዘንበል አደረጉ፤ ፊታቸው ላይ ብሎን ዓመት ሙሉ ያላየችው ነገር ነበር። «ድምፅ የላትም ይሉኛል! ሰሚ ነው እንጂ ያጣችው።»

ሴትዮዋ ዞረው አዩዋቸው። «ውድ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ኩሽኔታ ኩሽኔታ ነው፣ እመቤቴ። የነዳጅም የኤሌክትሪክም ጎማ ክብ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን ወዲያው ዋጡት።

ዳገቱ ጀመረ። አራት። ሦስት። ስክሪኑ በባዕድ ፊደሉ አንድ ቀይ ነገር ጻፈ፤ ማንበብ አላስፈለገም፤ ልመና መሆኑ ያስታውቃል። ብሎን መሪውን የያዘችው እንደ ሰው እጅ ነበር። ሁለት። አንድ። መሥሪያ ቤቱ ታየ፤ የብረት በሩ፣ ከበሩ በላይ የመስኮቶቹ ረድፍ። ሠራተኛው መውጣት ጀምሯል።

መቶ እርምጃ ሲቀራት መኪናዋ ልክ ሰው ትንፋሹን እንደሚያስወጣ ቀሰስ ብላ ቆመች።

ብሎን ደጋግማ ጫነችው። ምንም። ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች። ስምንት ወር አልበቃ ብሎ መቶ እርምጃ! ወርዳ ልትሮጥ ትችል ነበር፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ያ ሁሉ ድካም ይችን ሰዓት መርጦ ከዓይኗ ወደ እግሯ ወረደ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ጆሮ። «ቀና በይ። አልጠፋም።»

ቀና አለች። ከፊቷ ባለው ግንብ ላይ፣ በፀሐዩ መሐል፣ ሁለት ፈዛዛ የብርሃን ክቦች ነበሩ። ትልቁ ባትሪ አልቋል፤ መብራቱን ግን ትንሿ ነች የያዘችው፤ አባቷ ከስምንት ወር በፊት ኔጌቲቧን ነቅለው ያተረፏት።

ከበሩ በላይ ሁለተኛው መስኮት ላይ አንድ ሰው ካርቶን ታቅፎ ቆሞ ነበር። ካርቶኑን አስቀመጠ። ከመስኮቱ ጠፋ።

ባለመመሪያው ወርዶ ሲደርስ ሱፉ ላይ አቧራ ነበር፤ ከስቷል፤ ሰው በስምንት ወር እንዲህ ያረጃል? ከመኪናዋ ፊት ቆመና ሁለቱ ክቦች ጉልበቱ ላይ አረፉ። መስኮቷን ልታወርድ ብትጫን አልወርድ አላት፤ በሩን ከፈተች።

«ዛሬ ነው ያነበብኩት» አለችው። «ዛሬ ከሰዓት። ያንተን ወረቀት አክብሬ ነው ያልከፈትኳት።»

አፉን ከፈተ፤ ተሳሰረ። እናቱን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ መሪው ላይ ያለውን ጥቁር እጇን አየ፤ በዚያው ቀረ።

«ተናገር እንጂ!» አሉ እናቱ በእንባ ድምፅ። «ይኸው በፀሐይ ጠብሳ ያመጣችኝ አንተ ዝም ልትል ነው?»

«ስንት ፐርሰንት ነበራት?» አለ ሰውየው በመጨረሻ። ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ በኋላ በአፉ የወጣችው ይች ናት።

«ዘጠኝ።»

«በዘጠኝ ይህን ዳገት?»

«በዘጠኝ» አለች ብሎን፤ እንባዋም መጣ።

ነገ ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ አለ። ጠረፉ አለ፤ ጋራዡ አለ፤ ብቻዬን መሆን ለመድኩ ያሉት አባት አሉ፤ ጥቁር ጥፍር የማይወዱ እናት አሉ። አንዱም አልተፈታም። እሱ ግን እዚያው አስፋልቱ ላይ በጉልበቱ ወርዶ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ሱፉን ሳይሳሳለት፣ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት። ቅባቱ ግንባሩ ላይ ቀረ።

ጋሽ ጆሮ ከኋላ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብሎኔ፣ መብራቱን አጥፊው እንጂ። ባትሪው ይደክማል።»

«ይድከም፣ አባዬ» አለች። «ይብራ።»